የሙናዊር ምንጭ

አጎቴ ሙናዊር ከአገር ቤት ሲመጣ ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም። አንዴ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ፣ አንዴ ቆጮ፣ አንዴ ደግሞ ለእኔ ብቻ ብሎ በኪሱ የሾላ ፍሬ ይዞ ይመጣል። ስምንት ዓመት የሞላኝ ጊዜ ግን ይዞልን የመጣው ወሬ ብቻ ነበር። ጫማውን በራፉ ላይ አውልቆ ገና ሳይቀመጥ፣ «ጠሀ፣ ውሃ አገኘን» አለው አባቴን።

ቤታችን ከምናለሽ ተራ ጀርባ፣ ወደ አማኑኤል በሚያወጣ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ነበር። ቧንቧችን በሦስት ቀን አንዴ ይመጣል፤ ሲመጣም መጀመሪያ እንደ አስም በሽተኛ ሲር ሲር ይልና ቡናማ ውሃ ይተፋል። ስለዚህ አጎቴ ተራራ ሥር ያለችውን ምንጭ እንዴት ቆፍረው፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ገንብተው፣ ሁለት ቧንቧ እንዳወጡላት ሲያወራ አፌን ከፍቼ ሰማሁት። ከወንዙ ከከብት ጋር ተጋፍቶ መቅዳት ቀረ አለ። አገሬው የውሃ ኮሚቴ ሊቀመንበር አድርጎ መርጦታል። እኔ ሊቀመንበር ሲባል ትልቅ ወንበር መሰለኝ። አጎቴ ምንጩ አጠገብ የክንድ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው ሁሉ እያለፈ እጅ ሲነሳው ይታየኝ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ቸገረን» አለ። «ሴቶቹ የሚቀዱት በእንስራ ነው። የረዱን የውሃ ፕሮጀክት ሰዎች ደግሞ ክዳን ያለው፣ አፈ ጠባብ ዕቃ ካልሆነ ውሃው ቤት እስኪደርስ ይበከላል ይላሉ። ከየት እናምጣ?»

አባቴ ሳቀ። የመጣው ጀሪካን ሻጭ ቤት ነበርና።

አባቴ አዲስ ጀሪካን አይሸጥም። ከየሆቴሉ፣ ከየፋብሪካው፣ ከየመጋዘኑ የሚወጣውን ባዶ ጀሪካን ይገዛል፤ ግቢያችን ውስጥ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ተመልሶ ይሸጣል። ቢጫው የዘይት ነው። ነጩ የፈሳሽ ሳሙና ነው። አጣቢዋ እትዬ አበራሽ የሚባሉ የአማኑኤል ሰፈር ሴትዮ ነበሩ፤ ጀሪካኑ ውስጥ ሙቅ ውሃ፣ ኦሞና አንድ እፍኝ ጠጠር ይጨምሩና ክዳኑን ዘግተው በሁለት እጃቸው ይንጡታል። የጠጠሩ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። እንደ በረዶ ነው፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ።

«ስንት አባወራ ናችሁ?» አለ አባቴ።

«ስልሳ።»

«ስልሳ ጀሪካን የእኔ ሰደቃ ይሁን። ለወላጆቻችን ነፍስ።»

አጎቴ ተነስቶ የአባቴን ትከሻ ሳመ። እኔም በዚያች ደቂቃ ከመርካቶ ነጋዴ ሁሉ የሚበልጥ አባት እንዳለኝ ወሰንኩ። አባቴ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «ለአረፋ አንቺም ትሄጃለሽ፤ ከዚያ ምንጭ ትጠጫለሽ» አለኝ።

ቃሉን ሲሰጥ ግቢው ውስጥ የነበረው ቢጫ ጀሪካን ከአርባ አይበልጥም። በዚያ ሰሞን የቧንቧ ውሃ ጭራሽ ጠፍቶ ስለነበር ዘይት የጨረሰ ሁሉ ጀሪካኑን ለራሱ ያስቀራል። አባቴ ለሁለት ሳምንት ያህል ፈልጎ ፈልጎ አጣ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ደላላ በአይሱዙ ሰማያዊ ጀሪካኖች ይዞለት መጣ። ሃያ ሁለት ናቸው፤ ክዳናቸው ቀይ ነው፤ አንዱም አልተቧጨረም። ያን የመሰለ ጀሪካን ግቢያችን ገብቶ አያውቅም። አባቴና ደላላው ከአይሱዙው ጀርባ ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተነጋገሩ። ደላላው «ታጥቦ የማይለቅ ምን አለ ጋሼ» ሲል ብቻ ሰማሁ።

በየጀሪካኑ ሆድ ላይ የተላጠ ወረቀት ነበር። ሲልጡት አብዛኛው ተቀዶ ወጥቷል፤ በአንዳንዱ ላይ ግን የአንድ ሰው የታችኛው ጥርስ ቀርቷል። ጥርሱን ገልጦ የሚስቅ ሰውዬ ነው ብዬ አሰብኩ። ሁለቱን በጥፍሬ አንስቼ የሒሳብ ደብተሬ ሽፋን ላይ ለጠፍኳቸው። በማግስቱ አባቴ አይቶ ሽፋኑን ቦጭቆ ጣለው፤ ወርውሮም አልቀረም፣ አንስቶ ምድጃ ውስጥ ከተተው። ደብተሬን ስላቆሸሽኩ የተቆጣ መስሎኝ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ምንም አይደል» አለኝ፣ እጄን ግን ሁለት ጊዜ በሳሙና አስታጠበኝ።

ሰማያዊዎቹ መታጠብ በጀመሩ በሁለተኛው ቀን እትዬ አበራሽ ግቢው መሀል ቁጭ ብለው አስመለሳቸው። እናቴ አስያ ሎሚ ሰጠቻቸው። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ።

«ጋሽ ጠሀ፣ ይሄ ዕቃ ምን ነበረበት?» አሉ።

«የሳሙና ኬሚካል ነው ብለውኛል።»

«ሳሙና እጅ ይልጣል እንዴ? ይዩት እስቲ።»

«ሙቅ ውሃ ጨምሪበት አበራሽ። ሦስቴ ይታጠብ።»

«ሦስቴ አጥቤዋለሁ።»

«አራተኛ እጠቢዋ።»

ከዚያች ቀን በኋላ እትዬ አበራሽ አልመጡም። እናቴን ስጠይቃት «ቀብጠው ነው» አለችኝ። ለዓመታት እትዬ አበራሽን በቅያሱ ባየኋቸው ቁጥር ቀበጥ ሴትዮ እያልኩ በልቤ አማኋቸው። እጃቸውን በነጠላ ውስጥ ደብቀው ነበር የሚሄዱት፤ ኩራት መስሎኝ ነበር።

የቀረውን አባቴ ራሱ አጠበው። እጅጌውን ጠቅልሎ፣ አፉን በሻሽ ሸፍኖ ጠጠሩን ሲንጥ ቆይቶ አንዱን ጀሪካን ወደ እኔ አመጣው።

«ሀፍሲ፣ ያንቺ አፍንጫ እንደ ድመት ነው። እስቲ አሽቺው፤ ይሸታል?»

አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ኦሞ ይሸታል። ከኦሞው ሥር ሌላ ነገር አለ፣ ነጭ ሽንኩርትና ላምባ አንድ ላይ የተቀቀለ የመሰለ። ቀና ብዬ አባቴን አየሁት። እንዲህ ሆኖ፣ እንዲህ ከእኔ አፍ አንድ ቃል ሲጠብቅ አይቼው አላውቅም። ደግሞም ጀሪካኑ ካልሄደ አረፋም እንደማይኖር ይገባኛል።

«ኦሞ ኦሞ ነው የሚለው» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ» አለና ግንባሬን ሳመኝ።

ዛሬ የውሃ ጥራት ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። የአንድ ዕቃ ፕላስቲክ የጠጣውን መርዝ ሙቅ ውሃና ጠጠር እንደማያስለቅቀው ለመናገር ዲግሪ አያስፈልግም፤ እትዬ አበራሽ ያለ ዲግሪ ተናግረውታል። ያን ቀን ግን ትልቅ ሥራ የሠራሁ ሆኖ ተሰምቶኝ ነበር የተኛሁት።

ጀሪካኖቹን የሸኘናቸው ከአውቶቡስ ተራ ነው። ወዛደሮቹ ሃያውንም ሠላሳውንም በገመድ እየሰኩ አውቶቡሱ አናት ላይ ጫኑት። ቢጫውና ሰማያዊው ተደራርቦ ለሠርግ ያጌጠ መኪና አስመሰለው። አጎቴ ከመስኮቱ እጁን አውጥቶ እስኪታጠፉ ድረስ አውለበለበልን። አንድ የማናውቀው ተሳፋሪ ሰውዬ ለአባቴ ቆሞ ዱዓ አደረገለት።

ስልኩ የመጣው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነበር። አባቴ ምሳ እየበላ ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰው። «ኢና ሊላሂ» አለ። ከዚያ «ስንት?» አለ። ከዚያ ደግሞ «የማን የማን?» አለ። እናቴ እኔን ወደ ጓዳ ገፋ አድርጋ መጋረጃውን ሳበችው፤ መጋረጃ ግን ድምፅ አይከለክልም። ልጆች ናቸው። አምስት ናቸው። አፋቸው አረፋ ደፍቆ ነው። የመሊካ ሁለቱም ልጆች ናቸው። ውሃው ነው ይላሉ። ውሃው ነው፣ ውሃው ነው።

እኔም ውሃው ነው አልኩ። ሰው የሚገድል ውሃ ምን እንደሚመስል አሰብኩ። ጥቁር ይሆን? አጎቴስ በዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያያቸው ዝም አለ ማለት ነው?

አባቴ በማግስቱ ለለቅሶ ሄደ። በሳምንቱ ሲመለስ አይሱዙ ተከራይቶ ጀሪካኖቹን በሙሉ ይዟቸው መጣ። ሞት የነካው ዕቃ ቤት አይቀመጥም፣ አዲስ እልክላችኋለሁ ብሏቸው ነው አለች እናቴ። ሰዎቹ ለቅሶ ላይ ሆነው እንኳ መርቀውታል። አባቴ ግን ጃኬቱን ሳያወልቅ መጥረቢያ አንስቶ ግቢው ውስጥ ጀሪካን መፍለጥ ጀመረ። ፕላስቲኩ ሲሰነጠቅ የሚያወጣው ድምፅ ጎረቤቱን ሁሉ አወጣው። ማንም አልተናገረውም። ሐዘን ነው ተባለ።

አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ የሚፈልጠው ሰማያዊዎቹን ብቻ ነበር። ሰማያዊ የሐዘን ቀለም ይሆናል ብዬ ለጓደኞቼ ነገርኩ። ቢጫዎቹ ከሦስት ቀን በኋላ ታጥበው ተሸጡ።

አረፋ መጣና ሄደ። አገር ቤት አልሄድንም።

አጎቴ ክረምት ላይ መጣ። በር ላይ ሳየው አላወቅሁትም፤ አንገቱ ቀጥኖ ኮቱ እንደ ተውሶ ልብስ ተንጠልጥሎበት ነበር። በእጁ አንድ ፌስታል ብቻ ይዟል። ምንጣፉ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ እናቴ ያቀረበችለትን ሻይ አልነካውም።

«ምንጩን ሰበሩት» አለ። «ቧንቧውን ነቅለው አፉን በድንጋይ ሞሉት። ወደ ወንዙ ተመልሰዋል። እኔንም ከመሀላችን ውጣ አሉኝ። ሚስቴም ልጆቿን ይዛ አባቷ ቤት ገብታለች።»

አባቴ መሬት መሬቱን ያያል።

«ከወረዳ የመጣው ሰውዬ ውሃውን መርምሮ ንጹሕ ነው ብሎ ወረቀት ሰጥቶኛል። ይኸው።» ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ማን ይቀበለኝ? ንጹሕ ከሆነ ልጆቹን ምን ገደላቸው ይሉኛል። እኔም መልስ የለኝም። ጠሀ፣ አንተን ይሰሙሃል። መጥተህ ንገርልኝ። ውሃው አይደለም በልልኝ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ሙናዊር» አለ አባቴ በመጨረሻ፣ «ሰው ልጁን ቀብሮ ወረቀት አይሰማም። ውሃው ነው በል። ተሳስቻለሁ በልና ይቅርታ ጠይቅ። ይምሩሃል። ነገሩም ይበርዳል።»

አባቴ ብልህ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። እኔንም ሳጠፋ እናቴ ይቅርታ በይ የምትለኝ እንዲሁ ነበር።

አጎቴ ያን ጊዜ አየኝ። ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሀፍሲ፣ ነይ ሳሚኝ እንጂ።»

አልሄድኩም። የእናቴን ቀሚስ ይዤ ቆሜ፣ «አንተ ነህ ልጆቹን የገደልካቸው» አልኩት።

አባቴ እንዴት እንደተነሳ አላየሁም። ጥፊው ከግድግዳው ጋር አጋጨኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ መትቶኝ አያውቅም። «ዝም በይ» አለኝ፤ ድምፁ ግን የቁጣ ድምፅ አልነበረም፣ የፈራ ሰው ድምፅ ነበር። ያኔ የመታኝ ታላቅ ስለደፈርኩ መሰለኝ።

አጎቴ ተነስቶ መጣና በሻካራ መዳፉ ጉንጬን ያዘ። «ተዋት» አለው አባቴን። «ሕፃን ምን ታውቃለች። የሰማችውን ነው።» ከዚያ ፌስታሉን አንስቶ ወጣ። እናቴ ዝናቡ እስኪያባራ ብላ ለመነችው፤ አባቴ ግን አልለመነውም።

ወደ አገሩ አልተመለሰም። ስድስተኛ ክፍል ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ጀርባው ላይ ጆንያ ተሸክሞ አየሁት። ከጓደኞቼ ጋር ነበርኩ። እሱም አየኝ። ስሜን እንዳይጠራኝ ፈርቼ አንድ ሱቅ ውስጥ ገባሁ፤ አልጠራኝም። ከዚያ በኋላ መንገዴን በአብነት በኩል አደረግሁ፤ ይረዝማል፤ ግን አጎቴ የለበትም።

አገር ቤት ምንጩ በተሰበረ በዓመቱ ክረምት አተት ገባ። ወንዙ ነው ያመጣው። ከመጀመሪያዎቹ አምስት የሚበልጥ ሰው ወሰደ፤ አዋቂም ሕፃንም። እኛ ቤት ወሬው ሲመጣ አባቴ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። በዚያው ዓመት የጀሪካን ንግዱን ትቶ የጨርቅ ሱቅ ከፈተ። ሰዉ፣ ጠሀ ከወንድሙ ጉድ በኋላ ልቡ ተሰብሮ ነው እያለ አመሰገነው።

አጎቴ የሞተው እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ደረቱን አሞት፣ ወዛደሮች በጋራ በሚያድሩበት አልጋ ቤት። አባቴ ኮልፌ ወስዶ ቀበረውና ከዙሁር ሶላት በፊት ሱቁ ደረሰ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሃያ ዓመት ያህል አላወቅሁትም።

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤታችን በየገጠሩ የተበላሹ የውሃ ተቋማትን መዝግቡ ብሎ ሲልከን፣ ዝርዝሩ ውስጥ የአባቴን የትውልድ ቀበሌ አየሁና እኔ ልሂድ አልኩ። ምንጩን ያሳየችኝ ሁለቱ ልጆቿ የሞቱባት እትዬ መሊካ ራሷ ነበረች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት እጄን ይዛ ሳመችው፤ «የጠሀ ልጅ» አለች። ድንጋዩ ላይ ሣር በቅሎበታል። ከሥሩ ግን ውሃው አሁንም በስንጥቅ እየወጣ ዝም ብሎ ቁልቁል ይወርዳል። ከታች ሴቶች ከወንዙ ሲቀዱ ይታየኛል። በያዝኩት መሣሪያ መረመርኩት፤ ናሙናም ወስጄ ቤተ ሙከራ አስገባሁት። እኔ ቤት በቧንቧ ከሚመጣው ውሃ ይልቅ ንጹሕ ነበር።

«እንዴት ነበር የሞቱት?» አልኳት። እንዲህ ያለ ጥያቄ እናት አይጠየቅም፤ ሙያዬ አስደፈረኝ።

«ሁለቱም ጠዋት ጠጥተው ትምህርት ቤት ሊሄዱ ነበር» አለች። «ለሃጫቸው አልቆም አለ። ላባቸው እንደ ውሃ ወረደ። ከዚያ መንቀጥቀጥ ነው። ዓይናቸውን ገልጬ ሳይ ብሌናቸው የጤፍ ፍሬ አክሎ ነበር።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። የወንዝም የምንጭም ጀርም የሰው ብሌን አያጠብብም። ያን የሚያደርገው የተባይ መድኃኒት ነው።

«ውሃውን በምን ነበር የሚቀዱት?»

«አባትሽ በሰጠን ጀሪካን ነዋ። ለእኔ ሰማያዊው ደርሶኝ፣ ከሁሉ አማረ ብዬ ስኮራበት ነበር። አላህ ይስጠው፤ እሱ ምን ያድርግ።»

አዲስ አበባ እንደገባሁ ቤቴ አልሄድኩም። አማኑኤል ጀርባ እትዬ አበራሽን ፈልጌ አገኘኋቸው። አርጅተዋል። እጃቸውን ከነጠላቸው አውጥተው ጭናቸው ላይ ዘረጉልኝ፤ ቆዳው እንደ ተቃጠለ ወረቀት የተጨማደደና ነጭ ነበር።

«ምስሉን ሙሉውን አይቼዋለሁ» አሉኝ። «የአንዱ አልተቀደደም ነበር። ራስ ቅልና ሁለት አጥንት፤ ትራንስፎርመር ላይ እንደሚለጥፉት። ለአባትሽ አሳየሁት። በምላጭ ፋቀው። ለገጠር ሰው ውሃ መቅጃ እንደሚሄድ አውቅ ነበር፤ እዋሻለሁ እንዴ። ሥራዬን ትቼ ወጣሁ። አፌን ግን ይዤ ወጣሁ። ማን ይሰማኛል አልኩ።» እጃቸውን ወደ ነጠላቸው መልሰው፣ «ሞከርኩ እንኳ አልልም» አሉ።

አባቴን ሱቁ ውስጥ አገኘሁት። ደንበኛ አልነበረም። ጣቃ እየጠቀለለ ነበር።

«አባ፣ ሰማያዊዎቹ ጀሪካኖች ምን ነበረባቸው?»

መጠቅለሉን አላቆመም። ጨርሶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠና ጫፉን አስተካከለ። ከዚያ ዱካው ላይ ተቀመጠ።

«የተምች መድኃኒት» አለ። «ሦስቴ አሳጥቤዋለሁ። ራሴም አጥቤዋለሁ። ቃል ገብቼ ነበር፤ ቃሌን ላጥፍ?» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺም እኮ አለሽበት። አይሸትም ብለሽኛል።»

ስምንት ዓመቴ ነበር አላልኩትም። ያውቀዋል።

«ለአጎቴ ለምን አልነገርከውም? እዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሲለምንህ?»

«ብነግረው ዝም አይልም ነበር» አለ። «ሙናዊርን ታውቂዋለሽ። ዝም አይልም ነበር።»

ለአገሬው የነገርኩት እኔ ነኝ። የቤተ ሙከራውን ውጤት ይዤ ተመልሼ ሄድኩና የአባቴን ስም ጠርቼ ነገርኳቸው። እናቴ እስከ ዛሬ ታኩርፈኛለች። ሽማግሌዎቹ ሰምተው ተማክረው፣ ከእሱ ከራሱ አፍ እንስማ አሉ። በወሩ አራት ሽማግሌዎችና እትዬ መሊካ መርካቶ መጡ። ቤታችን ገብተው ዱሮ አጎቴ በተቀመጠበት ክፍል ተደርድረው ተቀመጡ። አባቴ ከፊታቸው መሬት ላይ ተንበረከከ።

«እውነት ነው?» አለችው እትዬ መሊካ።

«እውነት ነው።»

«ለቅሶ መጥተህ ሰባት ቀን ከባሌ ጎን ተቀምጠሃል። በእጅህ አጉርሰኸኛል።»

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ጉሮሮውን ጠረገ። የደሙን ነገር በአገር ወግ እናየዋለን፣ ዛሬ የመጣነው ለእሱ አይደለም አለ። «የበደልነው ሰው አለን። ሙናዊርን አፈር ወርውረን ነው ያስወጣነው። ይቅርታ እንጠይቀዋለን። ወደ ቀብሩ ውሰደን።»

በሁለት ታክሲ ኮልፌ ሄድን። አባቴ ከፊት መራን። በአንድ ረድፍ ገባ፤ ተመለሰ። በሌላ ገባ። አንድ ዛፍ ሥር ቆመና ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ጥበቃውን ጠየቅነው፤ ዓመቱንና ወሩን ሲጠይቅ አባቴ ወሩን አላስታወሰም። ድንጋይ አላስቀመጠበትም ነበር። ከቀበረው ቀን በኋላም አልመጣም ነበር። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አውልቀው ይጠብቁ ነበርና፣ አንድ ሰዓት ያህል ከተንከራተትን በኋላ ትልቁ «ይበቃል» አለ። እዚያው በቆሙበት፣ ስም ከሌላቸው መቃብሮች መሀል፣ እጃቸውን ዘርግተው የሙናዊርን ስም እየጠሩ ይቅር በለን አሉት። እኔም ከኋላቸው ቆሜ አልኩ። አባቴ ዛፉን ተደግፎ ነበር።

አውቶቡስ ተራ ያደረስናቸው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ረዳቱ ተሳፋሪ ይጣራል። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ገቡ። አባቴ ወደ መሊካ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ሊላት አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን እንዳላየችው በአጠገቡ አልፋ እኔ ጋ መጣች። ሁለት እጆቼን ያዘች።

«ድንጋዩን አንስተነዋል» አለችኝ። «ወጣቶቹ ሲሚንቶውን እየጠገኑ ነው። የሙናዊር ምንጭ ብለነዋል። ሲያልቅ መጥተሽ ጠጪ፤ ቤቴ ታድሪያለሽ።»

«እመጣለሁ እትዬ መሊካ።»

የአውቶቡሱን እጀታ ይዛ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አደረገች። ከዚያ አባቴም እንዲሰማ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «አባትሽን ግን እንዳታመጪው» አለችኝና ገባች።